ቸርት ከየት መጣ? ድንጋይ ውስጥ የታሰረው አየር ምን ይላል

እ.ኤ.አ. በ1993 አሜሪካዊው የጥንታዊ ሕይወት ተመራማሪ ዊልያም ሾፕፍ ብዙ ያነጋገረ ጽሑፍ አወጡ። ድንጋዩ የተነሣው በምዕራብ አውስትራሊያ ፒልባራ ከሚባለው ደረቅ ምድር ነው። በስሱ ተቆርጦ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ክር የመሰሉ ጥቃቅን ነገሮች ተገኙበት። ሾፕፍ በ11 ዓይነት መደቧቸው። ባክቴሪያ መሰል ፍጥረታት ናቸው አሉ። የድንጋዩ ዕድሜ 3.465 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ክሮቹም የምድር አንጋፋ ቅሪተ አካላት ተብለው በየመማሪያ መጽሐፉ ገቡ።

ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ፣ በ2002፣ የኦክስፎርዱ ማርቲን ብሬዚየርና ባልደረቦቻቸው “ቆይ እስኪ” አሉ። ቦታውን እንደ አዲስ በካርታ አነሡት። ሾፕፍ ድንጋዩን ያዩት ውሃ አንከባሎ እንዳከማቸው ደለል ነበር። አዲሱ ካርታ ሌላ ነገር አሳየ። ድንጋዩ የተወሰደው ከታች ወደ ላይ ዐለቱን ሰንጥቆ ከወጣ የፍል ውሃ መተላለፊያ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ደግሞ ካርቦን ያለ ሕይወትም ክር መስሎ ሊደረደር ይችላል። ክርክሩ ከዚያ ወዲህ አልበረደም።

ላይ ላዩን ሲታይ ጠቡ ስለ ክሮቹ ነው። ሥሩ ግን ስለ ድንጋዩ ነው። ድንጋዩ ቸርት ይባላል። ከባሕር ወለል ነው የመጣው ወይስ ከምድር ሆድ? ይህ ሳይታወቅ ውስጡ ስላለው ነገር የሚባለው ሁሉ አየር ላይ ይንሳፈፋል። ይህን ለማወቅ ከሚሞከሩት መንገዶች እኔን በጣም የሚስበኝ እዚያው ድንጋይ ውስጥ የታሰሩትን ጋዞች መጠየቅ ነው። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ስለ ቸርት። ቸርት ከኳርትዝ የተሠራ ድንጋይ ነው። ኳርትዙ እጅግ ደቃቅ ስለሆነ ዓይን አይለየውም። ሲሰበር እንደ መስታወት ስለታም ጠርዝ ያወጣል። የጥንት ሰዎች ለመቁረጫና ለመፋቂያ የመረጡትም ለዚህ ነው። በአማርኛ ባልጩት የሚለው ስም ይህንንም፣ ጥቁሩን የእሳተ ገሞራ መስታወትም ስለሚጠራ፣ እዚህ ቸርት እያልኩ ብቀጥል ይሻላል። ሁለቱ በአሰባበር ይመሳሰላሉ እንጂ በትውልድ አይገናኙም።

ዛሬ ከባሕር ውሃ ሲሊካን (ኳርትዝ የሚሠራበትን የሲሊከንና የኦክስጅን ውሕድ) እያጠለሉ የሚያወጡት ሕያዋን ናቸው። ዲያቶም፣ ራዲዮላሪያ፣ አንዳንድ ስፖንጆች። ሲሞቱ ቅርፊታቸው ወለል ላይ ይከማቻል። መጀመሪያ ኦፓል ነው። ጊዜና ሙቀት ሲያገኘው ወደ ኳርትዝ ይለወጣል፤ ያኔ ቸርት ይሆናል። ከ3 ቢሊዮን ዓመት በፊት ግን እነዚህ ፍጥረታት አልነበሩም። ሲሊካውን የሚበላ ስለሌለ ባሕሩ በሲሊካ የጠገበ ነበር።

ስለዚህ የዚያ ዘመን ቸርት የተወለደበት መንገድ አንድ አይደለም። አንዳንዱ ከባሕር ውሃው ራሱ ረግቶ ተቀመጠ። አንዳንዱ ከታች በሚወጣ ፍል ውሃ ተሸክሞ መጥቶ ስንጥቅ ሞላ። ሌላው ደግሞ ቀድሞ የነበረ ድንጋይ ነው። የእሳተ ገሞራ አመድ፣ ላቫ ወይም ጭቃ ሊሆን ይችላል። ሲሊካ ቀስ በቀስ ገብቶ የቀድሞውን ማዕድን አስወጥቶ ቦታውን ያዘ። ይህኛው ተንኮለኛ ነው። መልኩ የአሮጌው ነው፤ ሥጋው የአዲሱ። አንድ ኮረብታ ላይ፣ አንዳንዴም አንድ ናሙና ውስጥ፣ ሦስቱም ተቀላቅለው ይገኛሉ።

የተለመደው መመርመሪያ ኦክስጅን ነው። ቀላሉና ከባዱ የኦክስጅን አይሶቶፕ (አይሶቶፖች በክብደት ብቻ የሚለያዩ የአንድ ንጥረ ነገር አቶሞች ናቸው) በቸርት ውስጥ የሚኖራቸው መጠን ድንጋዩ በተሠራበት ሙቀትና በውሃው ዓይነት ይወሰናል። ፖል ናውትና ዶናልድ ሎው በዚህ መንገድ ተጉዘው የጥንቱ ባሕር ከ55 እስከ 85 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሞቅ ነበር የሚል መደምደሚያ ላይ ደረሱ። እጅ አስገብተው የማያቆዩበት ባሕር ማለት ነው። ብዙዎች አልተዋጠላቸውም። ቸርቱ ከተሠራ በኋላ ሞቃት ውሃ አልፎበት ቢሆንስ? ባሕሩ ራሱ የተለየ ኦክስጅን ኖሮት ቢሆንስ?

ጥያቄው ተገቢ ነው። የቸርት ክብደት ከግማሽ በላይ ኦክስጅን ነው፤ የቀረው ሲሊከን። ሁለቱም በኬሚስትሪው ውስጥ ዋና ተዋናይ ናቸው። ውሃ ባለፈ ቁጥር ይሰጣሉ፣ ይቀበላሉ። ተዋናይ የሆነ ሰው ደግሞ ስለ ድርጊቱ ገለልተኛ ምስክር አይሆንም። የሚፈለገው በአካባቢው ሆኖ ምንም ያልነካ ነው።

ኖብል ጋዞች እዚህ ይገባሉ። ሂሊየም፣ ኒዮን፣ አርጎን፣ ክሪፕቶንና ዜኖን። ኖብል ማለት ባላባት እንደማለት ነው። እንደ ድሮ ባላባት ከማንም ጋር አይቀላቀሉም፤ ሥራም አይሠሩም። ጆን ስትረት (ሎርድ ሬይሊ) እና ዊልያም ራምዚ በ1894 አርጎንን ሲያገኙ ያወጡለት ስም በግሪክ “ሰነፍ” የሚል ነው። ራምዚ ከሞሪስ ትራቨርስ ጋር በ1898 ሌሎች ሦስት ጨመሩ። ኒዮን “አዲሱ”፣ ክሪፕቶን “ስውሩ”፣ ዜኖን “እንግዳው” ተባሉ። ዜኖን ለስሙ የሚመጥን ጠባይ እንዳለው የታወቀው ግን በጣም ዘግይቶ ነው። እመለስበታለሁ።

ስንፍናቸው ጥቅሙ ይህ ነው። አንድ የውሃ ጠብታ ድንጋይ ውስጥ ስትታሰር በውስጧ የሟሙትን ጋዞች ይዛ ትታሰራለች። ኦክስጅኑ ከብረት ጋር ይጣበቃል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ማዕድን ይሆናል። ኖብሎቹ ግን እንደገቡ ይቀመጣሉ። ቁጥራቸው የሚለወጠው በዋናነት በሁለት መንገድ ነው። ወይ ሾልከው ይወጣሉ፣ ወይ ሌላ አቶም ፈርሶ አዲስ ይወለዳል። ሁለቱም በፊዚክስ የሚሰሉ ናቸው።

የታሰረ ጋዝ የትውልድ ቦታን ሊናገር እንደሚችል ከሁሉ የበለጠ ያሳመነኝ ምሳሌ ከማርስ የመጣ ነው። በ1976 ቫይኪንግ የተባሉት መንኮራኩሮች ማርስ ላይ አርፈው አየሩን ለኩ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አንታርክቲካ ላይ ከተለቀመ አንድ ተወርዋሪ ድንጋይ ውስጥ፣ በግጭት ቀልጦ መስታወት በሆነው ክፍል የታሰረ ጋዝ ተገኘ። በ1983 ዶናልድ ቦጋርድና ፕራት ጆንሰን ያን ጋዝ ለክተው ከቫይኪንግ ቁጥሮች ጋር አስተያዩት። ገጠመ። ድንጋዩ ከማርስ ነው። ፓስፖርቱ ኪሱ ውስጥ ነበር።

ለቸርትም ሐሳቡ ያው ነው። ሦስት ምንጮች አሉ፤ ሦስቱም የየራሳቸው ማኅተም አላቸው። አርጎንን እንውሰድ። ዛሬ አየር ውስጥ ለእያንዳንዱ የአርጎን-36 አቶም 298.6 ያህል የአርጎን-40 አቶሞች አሉ። ከምድር ማንትል (ከቅርፊቷ በታች ካለው ወፍራም የዐለት ንጣፍ) በሚወጣ ጋዝ ይህ ቁጥር ከ20,000 ሊያልፍ ይችላል። በምድር ቅርፊት ውስጥ ለረጅም ጊዜ የተንከራተተ ውሃ ደግሞ ከድንጋዩ አርጎን-40 እየለቀመ ስለሚሄድ ከአየሩ ቁጥር በላይ ይወጣል። የባሕር ውሃ ግን የሚይዘው የአየሩን ነው። ከላይ የሟሟ ጋዝ ስለሆነ አየሩን ይመስላል።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። የየትኛውን ዘመን አየር?

አየር ውስጥ ያለው አርጎን-40 ከሞላ ጎደል ሁሉም የተወለደው ከፖታሲየም-40 ነው። ፖታሲየም-40 ራዲዮአክቲቭ ነው። ግማሽ ዕድሜው፣ ማለትም ግማሹ የሚፈርስበት ጊዜ፣ 1.25 ቢሊዮን ዓመት ነው። ከሚፈርሱት አቶሞች 10.7 በመቶ ያህሉ አርጎን-40 ይሆናሉ፤ የቀሩት ካልሲየም። አርጎኑ በእሳተ ገሞራና በዐለት መፈራረስ ወደ አየር ይወጣል። አርጎን-36 ግን ከጥንት የነበረ ነው፤ የሚጨምረው እዚህ ግባ አይባልም። ስለዚህ የሁለቱ ንጽጽር በዘመናት ውስጥ ወደ ላይ ብቻ የሚሄድ ሰዓት ነው። በጣም ዘገምተኛ ሰዓት ቢሆንም ወደ ኋላ አይቆጥርም።

ይህን ሰዓት በቸርት ውስጥ ለማንበብ ከሞከሩት ቀደምት ሰዎች አንዱ ካዶጋን የተባለ ተመራማሪ ነው። በ1977 የስኮትላንዱን የራይኒ ቸርት ለካ። ራይኒ ቦታው የታወቀ ነው። ዊልያም ማኪ የተባለ ሐኪም በ1912 ያገኘው፣ ከ407 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በፍል ውሃ ዳር የበቀሉ ዕፅዋት ሴሎቻቸው ሳይጠፉ የተቀበሩበት ድንጋይ ነው። ካዶጋን ያገኘው ንጽጽር 291 ገደማ ነበር። ያኔ የዘመናችን አየር ቁጥር 295.5 ተብሎ ይያዝ ነበር። ልዩነቱ ከ2 በመቶ ያነሰ ነው። ግን አቅጣጫው ልክ ነው። የድሮው ዝቅ ያለ ነው። ከዚህም የምንረዳው ያ ፍል ውሃ ከምድር ሆድ የመጣ ማንትላዊ ውሃ አለመሆኑን ነው። ከላይ የዘነበ፣ አየር የጠጣ፣ ወርዶ ሞቆ የተመለሰ ውሃ ነው። ፍል ውሃ ሁሉ ጥልቅ ምንጭ ያለው ይመስለናል። ብዙውን ጊዜ ግን ሳይታሰብ ወደ ታች የወረደ ዝናብ ነው።

ወደ ፒልባራ ልመለስ። እዚያ “ሰሜን ዋልታ” የሚባል ቦታ አለ። ስሙን ያወጣው ቀልደኛ ሳይሆን አይቀርም፤ አካባቢው ከአውስትራሊያ እጅግ ሞቃት ስፍራዎች አንዱ ነው። ድንጋዮቹ 3.5 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ናቸው። ቸርት፣ ባራይት የሚባል ማዕድንና በእሳተ ገሞራ ዐለት መካከል ክፍተት የሞላ ኳርትዝ አለ። በ2013 ማጋሊ ፑዦልና ባልደረቦቿ ከዚያ ኳርትዝ የውሃ ኪሶች ያወጡት ንጽጽር 143 ነበር፤ ስሕተቱ ወደ ላይም ወደ ታችም 24። የዛሬው ግማሽ እንኳ አይሞላም። የ3.5 ቢሊዮን ዓመት አየር ማለት ነው።

እንዴት አወጡት? ትልቁ ብልሃት ያለው እዚህ ጋ ስለሆነ ቆም ልበል። ኪሶቹ ውስጥ ያለው ውሃ አንድ ዓይነት አይደለም። የባሕር ውሃና የፍል ውሃ ድብልቅ ነው። ከዚህም በላይ ዕድሜ ልኩን እዚያው የተወለደ አርጎን አለበት። ናሙናው መጀመሪያ በኒውክሌር ማብላያ ውስጥ ለኒውትሮን ይጋለጣል። ፖታሲየሙ ወደ አርጎን-39፣ በጨው ውስጥ ያለው ክሎሪን ወደ አርጎን-38 ይለወጣል። እንግዲህ ማሽኑ አርጎንን ሲለካ በአንድ ጊዜ ፖታሲየምንም ጨውንም እየለካ ነው። ብዙ ልኬት ይወሰዳል። ነጥቦቹ ሲደረደሩ የትኛው አርጎን ከፖታሲየም ጋር እንደሚጓዝ፣ የትኛው ከጨው ጋር እንደሚጓዝ ይለያል። ከባሕር የመጣው ክፍል በጨውና በአርጎን-36 መካከል ባለው ልክ ይታወቃል። ጥልቅ ምንጭ ያለው ፍል ውሃ ይህ ልክ የተዛባ ነው፤ ትርፍ አርጎን-40ም አለበት። በዚህ መንገድ አንድ ናሙና ውስጥ የተቀላቀሉ ሁለት ውሃዎች በወረቀት ላይ ይለያያሉ።

ይህ ከኦክስጅን ጋር ሲተያይ ትልቅ እርምጃ ነው። ኦክስጅን የሚሰጥህ የድብልቁን አማካይ ነው። አርጎን ከፖታሲየምና ከክሎሪን ጋር ሲሆን ግን ማን ምን ያህል እንዳዋጣ ይነግርሃል። እኔ ከዘዴዎቹ ሁሉ በዚህ ነው የምተማመነው።

ልኬቱ ራሱ ስስ ሥራ ነው። ድንጋዩ በባዶ ቫኪውም ውስጥ ይገባል። ወይ ይፈጫል፣ ወይ ደረጃ በደረጃ ይሞቃል። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ሲፈጭ የሚወጣው በውሃ ኪሶቹ ያለው ጋዝ ነው። ሲሞቅ ግን ክሪስታሉ ራሱ ውስጥ የተወለደውም አብሮ ይወጣል። ከዚያ ጋዙ በጋለ ቲታኒየም ላይ እንዲያልፍ ይደረጋል። ቲታኒየሙ ናይትሮጅኑንም፣ ኦክስጅኑንም፣ የውሃ ተኑንም ይውጣል። ከማንም ጋር የማይዋሐዱት ብቻ ይቀራሉ። ስንፍና እዚህም ጠቀመ። የተረፈው እጅግ ትንሽ ስለሆነ በፓምፕ ሳይመጠጥ ማስ ስፔክትሮሜትር (አቶሞችን በክብደታቸው የሚለይ መሣሪያ) ውስጥ ተዘግቶ ይቆጠራል። ይህን አሠራር በ1950ዎቹ በርክሌይ ላይ ያበጁት ጆን ሬይኖልድስ ናቸው።

እስካሁን ያለው ጥሩ ጥሩው ነው። አሁን ወደሚያስቸግረው።

አንድ ቀላል ስሌት ልሥራ። 1 ግራም ቸርት እንውሰድ። በውስጡ 1 ሚሊግራም የጥንት ውሃ ታስሯል እንበል። ፖታሲየሙ ደግሞ 0.01 በመቶ ብቻ ይሁን። ትንሽ የሸክላ ብናኝ ከገባበት ይህ በቀላሉ የሚገኝ መጠን ነው። በ3.5 ቢሊዮን ዓመት ውስጥ ከዚያ ፖታሲየም የሚወለደው አርጎን-40፣ በውሃው ውስጥ ከታሰረው አርጎን ከ10 እጥፍ በላይ ይሆናል። ያኔ ፖታሲየም-40 ከዛሬው 7 እጥፍ ገደማ ስለነበር ነው የሚበዛው። እንግዲህ ምስክሩ አንድ ቃል ሲናገር ጎረቤቱ አሥር ቃል እየጮኸ ነው። ኳርትዝ ንጹሕ መሆን ያለበት፣ ናሙናው በጥንቃቄ መመረጥ ያለበትም ለዚህ ነው።

ቸርት ከተራ ኳርትዝ የሚለይበት ችግርም አለው። ደቃቅ ነው። በደቃቅ ቅንጣቶች መካከል ድንበር ይበዛል። ድንበር በበዛበት ደግሞ ጋዝ ሾልኮ ይወጣል፣ የዛሬ አየርም ሾልኮ ይገባል። በግልጽ ለመናገር፣ ስለ ጥንት አየር የተገኙት ጠንካራ ውጤቶች አብዛኞቹ የመጡት ከቸርቱ ሳይሆን ከቸርቱ አጠገብ ካለው ትልልቅ ክሪስታል ኳርትዝ ነው። በየዜናው “ቸርት ተናገረ” ሲባል ብዙውን ጊዜ የተናገረው ጎረቤቱ ነው።

ሂሊየምን በተመለከተ ጉጉቱ ከሚገባው በላይ ይመስለኛል። በወረቀት ላይ ከሁሉ የተሻለ አመልካች ነው። ሂሊየም-3 ከሂሊየም-4 ጋር ያለው ንጽጽር በባሕር ወለል ከሚወጣ ማንትላዊ ላቫ ውስጥ ከአየሩ 8 እጥፍ ገደማ ነው። በቅርፊት ውስጥ ደግሞ የአየሩ ጥቂት መቶኛ ብቻ ነው። ልዩነቱ ሰፊ ነው። ዛሬ የሚፈልቅ ፍል ውሃ ምንጩ ማንትል መሆኑን ለማወቅ ከሂሊየም የተሻለ የለም። ግን የሂሊየም አቶም ትንሽ ናት። በኳርትዝ ውስጥ ቢሊዮን ዓመት አትቀመጥም። በዚያ ላይ ዩራኒየምና ቶሪየም ሲፈርሱ ሂሊየም-4 ያመርታሉ። ይህም አልበቃ ብሎ፣ ድንጋዩ ፀሐይ ላይ ተጋልጦ ከቆየ የኮስሚክ ጨረር ሂሊየም-3 እና ኒዮን-21 ይሠራበታል። ከሜዳ ላይ የተለቀመ ቸርት ሂሊየም-3 ተገኘበት ቢሉኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ስንት ጊዜ ፀሐይ ሞቀ ብዬ ነው። ከጥልቅ ተቆፍሮ የወጣ ናሙና የሚመረጠው ለዚህ ነው።

እግረ መንገዴን፣ ያው የኮስሚክ ጨረር በሌላ በኩል ጠቅሟል። በ2004 የወጣ አንድ ጥናት በእስራኤል ታቡንና ቀሰም ዋሻዎች የተገኙ የድንጋይ መሣሪያዎችን መረመረ። የተለካው ጋዝ ሳይሆን ቤሪሊየም-10 ነው። አንዳንዶቹ ድንጋዮች ጨረር እምብዛም ያላገኛቸው ሆነው ተገኙ። ስለዚህ የዚያ ዘመን ሰዎች ከሜዳ ለቅመው ብቻ ሳይሆን ቆፍረውም ያወጡ ነበር። ትውልድን የመፈለግ ሥራ ለአርኪዮሎጂም ይሠራል ማለት ነው፤ ጥያቄው ብቻ ይለያል።

ሌላ ብዙ ተስፋ የተጣለበት ሐሳብ ቴርሞሜትር ነው። ጋዞች በውሃ የሚሟሙት በሙቀቱ ልክ ነው። ዜኖን 0 ዲግሪ ላይ ከሚሟማው በ25 ዲግሪ ግማሹ ብቻ ይሟማል። ኒዮን ግን ከአንድ አምስተኛ ያነሰ ነው የሚቀንሰው። ስለዚህ ከታሰረው ውሃ የሁለቱን ንጽጽር ወስዶ የጥንቱን ባሕር ሙቀት ማወቅ ይቻላል ይባላል። የናውትንና የሎውን ክርክር ይዘጋው ነበር። ችግሩ ሲሊካና ካርቦን ያለበት ደለል ከባድ ኖብል ጋዞችን በገጹ ላይ የማጣበቅ ጠባይ አለው። ደለላዊ ድንጋዮች ውስጥ ዜኖን ውሃ ብቻ ሊሸከመው ከሚችለው በላይ ተደጋግሞ ተገኝቷል። ቴርሞሜትሩ ያልሞቀውን ሞቀ፣ ያልቀዘቀዘውን ቀዘቀዘ ይላል። በቸርት ላይ ይህን ዘዴ አላምነውም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር አለ፤ ብዙ ጊዜ የሚዘለል። ቸርት መጀመሪያ ኦፓል ነበር ብያለሁ። ኦፓል ውሃ ያለበት፣ ልል ነገር ነው። ወደ ኳርትዝ ሲለወጥ ውሃውን ያስወጣል። ከውሃው ጋር ጋዙም ይወጣል። ስለዚህ በቸርት ውስጥ ያለው ጋዝ ሲሊካው ባሕር ወለል ላይ ባረፈበት ቀን የነበረው አይደለም። ክሪስታሉ በተዘጋበት ቀን በዚያ ያለፈው ውሃ ጋዝ ነው። ጋዙ የሚመሰክረው በሩ ስለተዘጋበት ጊዜ እንጂ ቤቱ ስለተሠራበት ጊዜ አይደለም። በሁለቱ መካከል ጥቂት ሺህ ዓመት ሊኖር ይችላል፤ መቶ ሚሊዮን ዓመትም ሊኖር ይችላል። “ይህ ቸርት ከየት መጣ?” ብሎ ለሚጠይቅ ሰው ኖብል ጋዝ የሚሰጠው መልስ “ለመጨረሻ ጊዜ ያለፈበት ውሃ ይህ ነው” የሚል ነው። ጠቃሚ መልስ ነው። ግን የሌላ ጥያቄ መልስ ነው።

ይህን ልዩነት ይዘን ወደ ዜኖን እንሂድ። እንግዳው ጋዝ የሚያስደንቀው እዚህ ነው።

ዜኖን ዘጠኝ በተፈጥሮ የሚገኙ አይሶቶፖች አሉት። በአየራችን ውስጥ ያለው ዜኖን ከተወርዋሪ ድንጋዮችና ከፀሐይ ዜኖን ጋር ሲተያይ ሁለት ጉድ አለበት። አንደኛ ጎዶሎ ነው፤ ከሚጠበቀው እጅግ ያነሰ ነው። ሁለተኛ የጎደለው በአብዛኛው ቀላል ቀላሉ ነው፤ ከባዱ ቀርቷል። ለብዙ ጊዜ ይህ የሆነው ምድር ገና ስትሠራ ነው ተብሎ ይታመን ነበር። የጥንት ድንጋዮች ግን ሌላ ተናገሩ። በ2009 የሰሜን ዋልታው ባራይት፣ በ2017 ደግሞ የደቡብ አፍሪካው የባርበርተን ኳርትዝ ውስጥ ያለው ዜኖን ከዛሬው አየር ይልቅ ወደ መጀመሪያው የቀረበ ሆኖ ተገኘ። የባርበርተኑ 3.3 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ነው። በአይሶቶፕ ክብደት አንድ ደረጃ ሲኬድ ከዛሬው በ1.3 በመቶ ገደማ ይለያል። ስለዚህ ዜኖን ለአንድ ቢሊዮን ዓመትና ከዚያ በላይ ቀስ እያለ ወደ ህዋ ሲያመልጥ ነበር።

ዜኖን ከባድ ነው። ቀላሎቹ ክሪፕቶንና አርጎን ሳያመልጡ እሱ እንዴት አመለጠ? በ2019 ኬቨን ዛንሌ፣ ማርኮ ጋቼሳና ዴቪድ ካትሊንግ ያቀረቡት ማብራሪያ ቆንጆ ነው። ኤሌክትሮን ከዜኖን ለመንጠቅ 12.1 ኤሌክትሮን ቮልት ይበቃል። ለሃይድሮጅን 13.6፣ ለክሪፕቶን 14፣ ለአርጎን 15.8 ያስፈልጋል። በላይኛው አየር ዜኖን በቀላሉ ቻርጅ ይይዛል። ቻርጅ የያዘው ሃይድሮጅን ወደ ህዋ ሲነጉድ ዜኖንን እየጎተተ ይወስደዋል። ሌሎቹ ቻርጅ ስለማይቆይባቸው ይቀራሉ። ከ2.4 ቢሊዮን ዓመት በፊት ገደማ ኦክስጅን በአየር ውስጥ መከማቸት ሲጀምር ሃይድሮጅኑ ቀነሰ። ጉተታውም ቆመ።

ለቸርት ትውልድ ይህ ምን ያደርጋል? የጊዜ ማኅተም ይሰጣል። ከ2 ቢሊዮን ዓመት ወዲህ የገባ ዜኖን የዛሬውን ይመስላል። ከዚያ በፊት የገባ ግን አይመስልም። ሊመሳሰሉ አይችሉም። በዚያ ላይ ዜኖን ከኬሮጅን ጋር አንድ ልዩ ፍቅር አለው። ኬሮጅን በድንጋይ ውስጥ የቀረ፣ የማይሟሟ የካርቦን ቅሪት ነው። ቻርጅ የያዘ ዜኖን በካርቦን ነገሮች ውስጥ ሲሰፍር ጠንክሮ ይያዛል። ጠብታ ውሃ ውስጥ እንዳለው ጋዝ በቀላሉ አይለቅም።

በ2018 ዴቪድ ቤካርትና ባልደረቦቹ ይህን ተጠቀሙበት። ፋረል ኳርትዛይት ከተባለው የፒልባራ ዐለት የ3 ቢሊዮን ዓመት ቸርት ወሰዱ። ድንጋዩን በአሲድ አሟሙተው ኬሮጅኑን ለብቻ አስቀሩ። ከዚያ ዜኖኑን ለኩ። የጥንቱን አየር ዜኖን አገኙ። ስለዚህ ያ ካርቦን ዘግይቶ በስንጥቅ የገባ አይደለም፤ ከድንጋዩ ጋር የኖረ ነው። እዚህ ላይ በሩ መቼ ተዘጋ የሚለው ጥያቄ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሚፈለገው ጥያቄ ጋር ገጠመ። ሰው ማወቅ የሚፈልገው ካርቦኑ መቼ እንደገባ ነው፤ ዜኖኑም የታሰረው ካርቦኑ ውስጥ ነው።

ታዲያ ሾፕፍ ላገኟቸው ክሮች ለምን ያው አይደረግም? ኬሮጅን ለማውጣት ድንጋዩ ሁሉ በሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ይሟሟል። የሚቀረው ጥቁር ዱቄት ነው። በዱቄቱ ውስጥ የክሮቹ ካርቦንና በአጠገባቸው የተበተነው ካርቦን ተቀላቅለዋል። ክሮቹ ከፀጉር የቀጠኑ ናቸው። ተለቅመው ቢመዘኑ ዜኖን ለመለካት የሚበቃ ክብደት አይኖራቸውም። ዱቄቱ የጥንት ዜኖን ቢያሳይ እንኳ የሚታወቀው በዚያ የፍል ውሃ መተላለፊያ ውስጥ የጥንት ካርቦን መኖሩ ነው። ካርቦኑን ሕይወት ሠራው ወይስ ሙቀት የሚለውን ዜኖን አያውቀውም።